በዝዋይ ሐይቅ ዳር የመጠጥ ውሃና የቤት ውስጥ አደጋ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ የተዘጋጀው በባቱ ከተማ ዳርቻ፣ በመቂ ዙሪያ፣ በሐይቁ ደሴቶችና በአካባቢው የገጠር ቀበሌዎች ለሚኖሩ ቤተሰቦች ነው። እዚያ እናት አባት ኖሯቸው ከአዲስ አበባ ወይም ከውጭ አገር ሆነው የሚጨነቁትንም ይጠቅማል። ጥያቄዎቹ በርዕስ አልተደረደሩም። ብዙ ጊዜ የሚነሳው ቀድሟል።

የጉድጓዳችን ውሃ ኩልል ያለ ነው። ታዲያ የልጆቻችን ጥርስ ለምን ይበልዛል?

ከፍሎራይድ የተነሳ ነው። ስምጥ ሸለቆ የእሳተ ገሞራ አገር ነው። ከመሬቱ በታች ያለው አመድና ቀላል ነጭ ድንጋይ በፍሎራይድ የበለጸገ ስለሆነ፣ ውሃው በዚያ መሀል እየሰረገ ሲቆይ ፍሎራይዱን ያሟሟዋል። በሌላ አካባቢ ካልሲየም ፍሎራይዱን ይዞ ያዘቅጠዋል፤ የእኛ አካባቢ የጉድጓድ ውሃ ግን ብዙውን ጊዜ ካልሲየሙ ትንሽ ነው። ፍሎራይድ ቀለም የለውም፣ አይሸትም፣ በምላስም አይታወቅም። ስለዚህ የውሃው መጥራት የሚነግረን ነገር የለም።

የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። በስምጥ ሸለቆ ከዚህ እጥፍና ከእጥፍም በላይ የሚገኝባቸው ጉድጓዶች ብዙ ናቸው። አጥር የሚለያቸው ሁለት ጉድጓዶች እንኳ እጅግ የተራራቀ መጠን ሊኖራቸው ስለሚችል፣ «የጎረቤታችን ተመርምሮ ደህና ነው ተብሏል» ማለት ለእናንተ ጉድጓድ ማስረጃ አይሆንም።

ጥርሱ የሚጎዳው ገና ድድ ውስጥ ሳለ፣ ልጁ ስምንት ዓመት እስኪሞላው ባለው ጊዜ ነው። የአሥር ዓመት ልጅ ጥርስ ላይ የምታዩት ቡናማ ቀለም በሦስትና በአራት ዓመቱ የጠጣው ውሃ ውጤት ነው። በመፋቂያም በሳሙናም አይለቅም። ልጁን «አትፍቅም!» እያሉ መቆጣት ደግሞ ያለ ጥፋቱ መቅጣት ነው።

ጥርስ ብቻ ከሆነ ምን ችግር አለው? እኛም በልዘን አድገናል።

ጥርስ ብቻ አይደለም። መጠኑ ከፍ ያለ ውሃ ለዓመታት ሲጠጣ ፍሎራይዱ አጥንት ላይ ይከማቻል። መጀመሪያ መገጣጠሚያ ያማል፣ ጠዋት ወገብ አልነሳ ይላል። ብዙዎች ይህን ብርድ ወይም የሥራ ብዛት ነው ብለው ያልፉታል። እየቆየ አንገትና አከርካሪ ይደርቃል፣ ጎንበስ ብሎ ማሰር ወይም ዞር ብሎ ማየት ይቸግራል፣ ሲብስም የሚያጎብጥ ይሆናል። በወንጂ ሸዋ የስኳር እርሻ ካምፖች የጥልቅ ጉድጓድ ውሃ ለረጅም ጊዜ በጠጡ ሠራተኞች ላይ የታየው ይኸው ነው፤ በሕክምና ጽሑፎች ከተመዘገበ አሥርት ዓመታት አልፈዋል። የደረቀውን አጥንት የሚመልስ መድኃኒት የለም። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚባለው በትክክል ለዚህ ይሠራል።

ጥርሱ ከወጣ በኋላ ወደ አካባቢው የመጣ ሰው ጥርሱ አይበልዝም። አጥንቱ ግን እንደማንኛችንም ይጎዳል።

አፍልተን ብንጠጣስ?

ማፍላት ጀርም ይገድላል፣ ፍሎራይድ ግን አይነካም። እንዲያውም ውሃው እየተነነ በሄደ ቁጥር የቀረው ውስጥ ያለው ፍሎራይድ ይወፍራል። ክሎሪንም፣ በረኪናም፣ በጨርቅ ማጥለልም፣ የሸክላ ማጣሪያም አይቀንሱትም።

እዚህ ላይ ነው ብዙው ሰው የሚሳሳተው። የሐይቅ ዳር ሰው ሁለት ጠላት አለው። አንዱ ተቅማጥ፣ ታይፎይድና ኮሌራ የሚያመጣው ጀርም ነው፤ ይህ በማፍላትና በክሎሪን ይሸነፋል። ሁለተኛው ኬሚካል ነው። ለእሱ የሚበጀው የውሃውን ምንጭ መለወጥ ወይም ለይቶ በተሠራ ማጣሪያ ማሳለፍ ብቻ ነው። ለአንዱ የሚሠራውን ለሌላው ማድረግ ድካም ብቻ ነው፤ ከሰሉም ገንዘብ ነው።

ለጀርም ስትሉ የምታፈሉ ከሆነ፣ ባቱ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,640 ሜትር ስለሆነ፣ ውሃው ተንተክትኮ ከፈላ በኋላ አንድ ደቂቃ ይበቃዋል። ከ2,000 ሜትር በላይ ባለ አገር ሦስት ደቂቃ ነው። ግማሽ ሰዓት ማንተክተክ ትርፍ የለውም።

ታዲያ ምን እንጠጣ?

ከሁሉ ርካሹ መልስ ከሰማይ የሚወርደው ነው። የዝናብ ውሃ ፍሎራይድ የለውም ማለት ይቻላል። የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ሰው ግማሹን መንገድ ሄዷል፤ የቀረው አሸንዳና ማጠራቀሚያ ነው።

ሒሳቡን እንሥራው። በአንድ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ የወረደ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ሊትር ውሃ ነው። 30 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 20 ሚሊ ሜትር የሚሆን አንድ ጥሩ ዝናብ ቢወርድ 600 ሊትር ይሰጣል፤ የሚፈሰውና የሚተነው ተቀንሶ እንኳ ከሃያ ጀሪካን በላይ ይተርፋል። ስለዚህ ችግሩ የዝናቡ ማነስ አይደለም። ችግሩ ክረምቱ ካለፈ በኋላ ያሉትን ደረቅ ወራት የሚያሻግር ማጠራቀሚያ ማጣት ነው።

ለመጠጥና ለማብሰያ ብቻ በሰው በቀን አምስት ሊትር እንያዝ። አምስት ሰው ላለበት ቤት ለአምስት ወር ወደ 3,750 ሊትር ይመጣል። ይህን ያህል ማጠራቀም ሁሉም ቤት አይችልም። በእኔ አስተያየት አቅም ካነሰ ለሁሉም ትንሽ ትንሽ ከማካፈል ይልቅ ከስምንት ዓመት በታች ላሉት ልጆች ብቻ መለየት ይሻላል። ሁለት ልጆች በቀን በሦስት ሦስት ሊትር ቢያዙ ለአምስት ወር 900 ሊትር ነው። አንድ ባለ 1,000 ሊትር ሮቶ ይበቃል። አያት ቅር ሊላቸው ይችላል፤ ግን የእሳቸው ጥርስ አንዴ በቅሏል።

የዝናብ ውሃ ሲጠራቀም የመጀመሪያውን ዝናብ አትያዙ። በበጋ የተጠራቀመውን አቧራ፣ የወፍ ኩስና ቅጠል አጥቦ የሚወርደው እሱ ነው። ከዚያ በኋላም በየዝናቡ መጀመሪያ ላይ ቱቦውን ለጥቂት ደቂቃ ወደ ውጭ አዙሩት። የሮቶው አፍ በወንፊት ሽቦ ይሸፈን፤ ካልተሸፈነ የወባ ትንኝ መፈልፈያ ይሆናል። ውሃው ፍሎራይድ ባይኖረውም ጀርም ሊኖረው ስለሚችል ከመጠጣቱ በፊት ይታከም።

ሌላው አማራጭ የአጥንት ከሰል ማጣሪያ ነው። የከብት አጥንት በከፍተኛ ሙቀት ተቃጥሎ፣ ተፈጭቶ፣ ውሃው በእሱ ውስጥ እንዲያልፍ ይደረጋል፤ ፍሎራይዱ አጥንቱ ላይ ይቀራል። ይሠራል፣ ግን ይጠግባል። የጠገበ ማጣሪያ መልኩም ፍጥነቱም አይለወጥም፤ የሚገባው መርዝ እንዳለ ሲወጣ አታውቁትም። በየጊዜው የሚመረምርና የሚለውጥ አካል ከሌለ፣ እንዲህ ያለ ማጣሪያ ቤት ውስጥ ማስቀመጥ በውሸት መተማመን ነው። ቤት ውስጥ አጥንት አቃጥሎ ለመሥራትም አትሞክሩ። በደንብ ያልተቃጠለ አጥንት ውሃውን ያሸተዋል።

አንድ የሚረሳ ነገር አለ፤ ወጡና እንጀራውም ውሃ ነው። ልጁን ንጹህ ውሃ አጠጥታችሁ ሽሮውን በጉድጓድ ውሃ ብትሠሩለት ፍሎራይዱ በሌላ በር ይገባል። ሻይ ቅጠል ደግሞ ራሱ ፍሎራይድ ስላለው ሕፃናትን ሻይ ባታስለምዱ ጥሩ ነው። ወተት ይጠቅማል፤ ካልሲየሙ ፍሎራይዱ ወደ ደም እንዳይገባ በመጠኑ ያግዳል።

የሐይቁን ውሃ አጣርቶ መጠጣት አይሻልም?

በፍሎራይድ በኩል ብዙ ጊዜ ከጉድጓዱ ይሻላል። ዝዋይ ጨዋማ ያልሆነ ሐይቅ ነው፤ መቂና ቀታር ወንዞች ይገቡበታል፣ በቡልቡላ በኩል ወደ አቢጃታ ይፈሳል። ፍሎራይዱ በ1.5 አካባቢ ስለሚዋልል ፍጹም ነው ባይባልም፣ ከብዙ ጉድጓዶች የቀለለ ነው።

በሌላው ሁሉ ግን ይብሳል። ጥልቀቱ ቢበዛ ዘጠኝ ሜትር ገደማ ስለሆነ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ጭቃው እስከ ታች ይታመሳል። ከብት ይጠጣበታል፣ ልብስ ይታጠብበታል፣ የቲማቲምና የሽንኩርት ማሳው ትራፊ ይፈስበታል። የግድ ከሐይቁ የምትቀዱ ከሆነ ነፋስ ሳይነሳ በማለዳ፣ ከደንገሉና ከከብት መውረጃው ራቅ ብላችሁ ቅዱ። ለደፍራሽ ውሃ እንደ ቢሻን ጋሪ ያለ የሚያዘቅጥም የሚገድልም ዱቄት ተራ ክሎሪን ብቻ ከመጨመር ይሻላል። በእሽጉ ላይ እንደተጻፈው አማስሉት፣ እስኪዘቅጥ ጠብቁ፣ ላዩን በንጹህ ጥጥ ጨርቅ አጥልሉት፤ የተባለው ደቂቃ ሳይሞላ አትጠጡ። ውሃው ላይ አረንጓዴ ቀለም የተደፋበት የሚመስል ነገር ካያችሁ ግን ከዚያ አትቅዱ። አንዳንዱ መርዝ አለው፣ መርዙም በማፍላት አይጠፋም።

ስለሌሎቹ ሐይቆችም ይጠየቃል። ላንጋኖ መልኩ ቡናማ ስለሆነ ሰው ይጠየፈዋል፤ ሆኖም ከቢልሃርዚያ ነጻ በመሆኑ የታወቀ የዋና ቦታ ነው። ለመጠጥ ግን ፍሎራይዱ ከፍተኛ ነው። አቢጃታና ሻላ የሶዳ ውሃ ናቸው፣ ማንም አይጠጣቸውም።

ቢልሃርዚያ የሚይዘው ውሃውን ስንጠጣ ነው?

በዋናነት በቆዳ ነው የሚገባው። ትሉ የሚያድገው ደንገልና ሣር ባለበት ዳርቻ በሚኖሩ ቀንድ አውጣዎች ውስጥ ነው። ከዚያ ወጥቶ ውሃ ውስጥ በቆመ ሰው እግር ይገባል። ብዙ የሚወጣው ፀሐይ በበረታበት ሰዓት ነው፤ ልብስ የሚታጠበውም ልጆች የሚዋኙትም ያን ጊዜ መሆኑ ነው ጣጣው።

ልጆችን በሐይቅ ውሃ የምታጥቡ ከሆነ ውሃውን ቀድታችሁ አንድ ሙሉ ቀንና ሌሊት፣ ከተቻለ ሁለት ቀን አስቀምጡት። ሰው ውስጥ ካልገባ ትሉ በዚያ ጊዜ ይሞታል። ዓሣ አጥማጅ ውሃ ውስጥ መቆሙ አይቀርም፤ እሱ በየጊዜው ይመርመር። መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ይባላል፣ ጤና ጣቢያ ይገኛል። ደም የቀላቀለ ሰገራና የሆድ ቁርጠት ከታየ አትጠብቁ።

የመድኃኒት ጀሪካን በደንብ ታጥቦ ውሃ ቢቀዳበት ምን ይሆናል?

አይቻልም። በዚህ ጥያቄ ላይ መደራደር የለም።

በአካባቢያችን ገበሬው «መድኃኒት» የሚለው የተባይና የፈንገስ መርዝን ነው። ባዶው ጀሪካን ጠንካራ ነው፣ መክደኛው ይገጥማል፣ ገበያ ላይም በርካሽ ይሸጣል። ነገር ግን ፕላስቲኩ መርዙን ስለሚመጥ፣ በሙቅ ውሃም በኦሞም አሥር ጊዜ ቢታጠብ ለሳምንታት ቀስ እያለ ወደ ውሃው ይመልሰዋል። ሽታው መጥፋቱ መርዙ መጥፋቱ አይደለም። ባዶውን ሦስት ጊዜ አለቅልቃችሁ እጣቢውን እዚያው መርጫው ውስጥ ጨምሩት። ከዚያ ማንም እንዳይጠቀምበት ብሱት። ለዘይት፣ ለጠላ፣ ለከብት ውሃም አይሁን። ገበያ ላይ ያገለገለ ጀሪካን ስትገዙ የተፋቀ ጽሑፍ ወይም የተላጠ ወረቀት ያለበትን ተዉት።

ንጹህ የዘይት ጀሪካንም ቢሆን አጠባበቁ ወሳኝ ነው። ክዳኑን አንስታችሁ በፀሐይ አንጻር ወደ ውስጥ ተመልከቱ። ከአንገቱ በታች፣ ውሃው ሲሞላ በሚደርስበት መስመር፣ አረንጓዴ ንፍጥ የመሰለ ሽፋን ታያላችሁ። ጣት አስገብታችሁ ብትነኩት ያዳልጣል። ከቦኖ የተቀዳ ንጹህ ውሃ ቤት ሲደርስ የሚበከለው እዚያ ነው። እናቶቻችን ጥሩ ዘዴ አላቸው፤ አንድ እፍኝ ንጹህ ጠጠርና ጥቂት ውሃ ከሳሙና ጋር ጨምሮ መናጥ። ሽፋኑን ይፍቀዋል። ቀጥሎ በረኪና በገባበት ውሃ ማለቅለቅ ነው። በክዳን ፋንታ የበቆሎ ቆረቆንዳ ወይም የተጠቀለለ ፌስታል መወተፍ ግን ይቅር። ከጀሪካን ገልብጦ መቅዳት ጣሳ ከሚገባበት በርሜል ይሻላል፤ ጣሳው የሁሉንም እጅ ይዞ ነው የሚገባው።

በረኪና ለመጠጥ ውሃ ይሆናል? ስንት ጠብታ?

ሽቶና ሳሙና ያልገባበት፣ ጥንካሬው 5 በመቶ አካባቢ መሆኑ የተጻፈበት ከሆነ፣ ለጠራ ውሃ በሊትር ሁለት ጠብታ፣ ለ20 ሊትር ጀሪካን 40 ጠብታ ነው፤ ይህም ሁለት ሚሊ ሊትር ይሆናል። 30 ደቂቃ ይቆይ። መጠኑ ያልተጻፈበትን አትጠቀሙ፤ ለመጠጥ ውሃ ተብሎ የተዘጋጀውን እንደ ውሃ አጋር ያለውን ግዙ። በረኪናን ከአሲድ ወይም ከሌላ የሽንት ቤት ማጽጃ ጋር ፈጽሞ አታደባልቁ፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል።

ለጨቅላ ሕፃን የትኛው ውሃ ይሰጠው?

እስከ ስድስት ወር የትኛውም አይሰጠው፤ የእናት ጡት ብቻ። እናትየው ፍሎራይድ የበዛበት ውሃ ብትጠጣ እንኳ ወደ ወተቷ የሚያልፈው በጣም ጥቂት ነው። የዱቄት ወተት በጉድጓድ ውሃ መበጥበጥ ግን ለጥርሱ ከሁሉ የከፋው አጀማመር ነው። በሐኪም ትእዛዝ የግድ ከሆነ የተፈላ የዝናብ ውሃ ወይም ፍሎራይዱ ዝቅተኛ የሆነ የታሸገ ውሃ ይሁን።

ማታ ከሰል ቤት ውስጥ ማስገባት ለምን ይከለከላል? የሚጨስ ከሰል እኮ አናስገባም።

የሚገድለው ጭሱ አይደለም። ቡና ተፈልቶበት ያለቀ፣ ቀልቶ የተቀመጠ፣ አንድም ጭስ የማይታይበት ፍም ካርቦን ሞኖክሳይድ ይለቃል። እንደ ፍሎራይዱ ሁሉ ይህም አይታይም አይሸትም። በክረምት ሐይቁ ላይ ብርድ ሲመጣ በሩ ሥር ጨርቅ ይጠቀጠቃል፣ መስኮቱ ለትንኝ ይዘጋል፣ ምድጃው ለሙቀት ይገባል። ሰዎቹ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ይሰማቸዋል፣ ድካም ነው ብለው ይተኛሉ፣ አይነቁም።

በአንድ ቤት የተኙት ሁሉ አንድ ላይ ራሳቸውን ካመማቸው ምግቡን ከመጠርጠራችሁ በፊት ምድጃውን ጠርጥሩ። በሩን ክፈቱ፣ ሰዎቹን ወደ ውጭ አውጡ፣ ወደ አምቡላንስ ጥሪ 907 ወይም ወደ ቅርብ ጤና ተቋም ደውሉ። ራሱን ለሳተ ሰው ወተትም ሎሚም አታጠጡ፤ ወደ ሳንባው ይገባል።

ጉድጓድ ውስጥ የወረደ ሰው ለምን ይሞታል? ሰይጣን ነው የሚሉ አሉ።

አየር ነው። ለመስኖ የሚሆነው የቤንዚን ሞተር ውሃ ወደ ላይ መሳብ የሚችለው እስከ ስድስትና ሰባት ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ውሃው ከዚያ ሲርቅ ሰው ሞተሩን ራሱን ወደ ጉድጓዱ ያወርደዋል። ሞተሩ እዚያ ሲሠራ ጉድጓዱ ከሰሉ ቤት ውስጥ በሚለቀው በዚያው ጋዝ ይሞላል። ለማጥፋት ወይም ነዳጅ ለመጨመር የወረደው ይወድቃል፤ እሱን ለማውጣት ወንድሙ ይወርዳል፣ እሱም ይወድቃል።

ሻማ አውርዶ መፈተን የድሮ ዘዴ ነው። ሻማው ከጠፋ አየር የለም ማለት ነው፣ አትውረዱ። ነገር ግን አለመጥፋቱ ደህና ነው ማለት አይደለም፤ ለሰው ገዳይ በሆነ ካርቦን ሞኖክሳይድ ውስጥ ሻማ ይነድዳል። ሞተር ጉድጓድ ውስጥ አይግባ። መውረድ የግድ ከሆነ በወገብ ገመድ ታስሮ፣ ላይ የሚጎትቱ ሰዎች ቆመው ይሁን። የወደቀ ሰው ካለ ማንም ተከትሎት አይውረድ።

በቤት ውስጥ ለልጆች ሌላ ምን እንጠንቀቅ?

ያልተከደነ በርሜልና ባልዲ። መራመድ የጀመረ ልጅ ክንድ በማይሞላ ውሃ ውስጥ በጭንቅላቱ ተደፍቶ ይቀራል፣ ድምፅም አያሰማም። ላምባና ቤንዚን በውሃ ላስቲክ አታስቀምጡ፤ ልጅ ከጠጣው አታስመልሱት፣ ወደ ሐኪም ውሰዱት። መርዝ ከሆነ የጠጣው ዕቃውን አብራችሁ ይዛችሁ ሂዱ። በእርጥብ እጅ የውሃ ፓምፕ ሶኬት አይነካ፤ ፓምፑ የመሬት ገመድ ከሌለው በኤሌክትሪክ ሠራተኛ ይሠራለት።

ልጁ ተቅማጥ ጀምሮታል፣ ጤና ጣቢያው ሩቅ ነው። ምን እናድርግ?

ኦ አር ኤስ ስጡት። ከሌለ በአንድ ሊትር ንጹህ ውሃ ስድስት ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጡ። ጨው አታብዙ። ጡት አይቋረጥ። እንደ ሩዝ እጣቢ የሚወርድ ከሆነ፣ ዓይኑ ከጎደጎደ ወይም ሽንት ካቆመ እየሰጣችሁ በመንገድ ላይ ሁኑ።

ጉድጓዳችንን የት እናስመርምር? እንዴትስ እንቅዳ?

መጀመሪያ ወረዳው የውሃ ጽሕፈት ቤት ሂዱ፤ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋም መንገዱን ታሳያችኋለች። «ውሃችንን መርምሩልን» ብቻ አትበሉ፤ ፍሎራይድና ጀርም ሁለት የተለያዩ ምርመራዎች ናቸው፣ አንዱ ተሠርቶ «ደህና ነው» ሊባል ይችላል። ለፍሎራይድ ንጹህ የፕላስቲክ ጠርሙስ በራሱ በጉድጓዱ ውሃ ሦስት ጊዜ ተለቅልቆ ይሞላ። ለጀርም ግን ላቦራቶሪው የሚሰጠው የጸዳ ጠርሙስ ያስፈልጋል፤ አይለቀለቅም፣ አፉ አይነካም፣ በቀዝቃዛ ዕቃ ተይዞ በዚያው ቀን ይደርሳል። በጠርሙሱ ላይ የጉድጓዱን ቦታ፣ ጥልቀቱንና የተቀዳበትን ቀን ጻፉ። ውጤቱ ሲመጣ ቁጥሩን ራሱን ጠይቁ፤ «ያልፋል» ወይም «አያልፍም» የሚለው አይበቃም። 1.6 የሆነና 9 የሆነ ውሃ ሁለቱም «አያልፍም» ይባላሉ፣ መፍትሔያቸው ግን አንድ አይደለም፤ የመጀመሪያውን ከዝናብ ውሃ ጋር ቀላቅሎ ማውረድ ይቻላል፣ ሁለተኛው ለልብስና ለግቢ ብቻ ይቅር።